ልጄ ለሲንኮ ዴ ማዮ ሶምብሬሮ ደፍታ ትሂድ ወይስ አትሂድ?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። በሎስ አንጀለስ ከተማ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት መሥራት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ዛሬ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ይዛው የመጣችው ወረቀት ነው። ሜይ 5 ቀን፣ በስፓኒሽ ሲንኮ ዴ ማዮ በሚባለው በዓል፣ ተማሪዎች ሁሉ «የሜክሲኮ ልብስ» ለብሰው እንዲመጡ ይጠይቃል። ከጽሑፉ ሥር ሶምብሬሮ የሚባለው ሰፊ የሜክሲኮ ባርኔጣና የተጠማዘዘ ጢም ተስሏል።

ባለፈው ዓመት በዚሁ ቀን በሥራ ቦታዬ የሆነውን ልንገራችሁ። አለቃችን የካርቶን ሶምብሬሮ በትልቅ ከረጢት አምጥቶ ለሁላችንም አደለ። ከአጠገቤ ሽንኩርት የምትከትፈው ሴት ፑዌብላ ከተባለችው የሜክሲኮ ከተማ የመጣች ናት። ዕድሜዋ ወደ ስድሳ ተጠግቷል፤ እንደ ታላቅ እህቴ ነው የማያት። ሜክሲኮዊት ስለሆነች ከሁሉም ፊት ቆማ ፎቶግራፍ እንድትነሣ አለቃችን ነገራት። ባርኔጣውን ተቀበለች፤ ከጠረጴዛው ሥር ባለው የድንች ጆንያ ላይ አስቀመጠችው፤ ቢላዋዋን በሽርጧ ጠርጋ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። አንድ ቃል አልወጣትም። ሌሊት ከሥራ ስንወጣ ያንኑ ባርኔጣ የደፉ ሰዎች ሰክረው በመንገዱ ዳር ሲጮኹ አየን። እርሷም አንገቷን ደፍታ አለፈች።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ይህ በዓል የቢራ ሻጮች በዓል ነው። ሜክሲኮ ውስጥ እንኳ የሚያከብረው የለም። ልጄን በዚያ ልብስ አልልካትም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

(የውይይቱ ክር ስለረዘመና ዘግይተው የመጡ ሰዎች ከየት እንጀምር ስላሉኝ፣ መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጫቸዋለሁ። ስሕተት ካለ አርሙኝ።)

መልስ 1። ከቨርጂኒያ የጻፉ አባት ናቸው። ሐሳቤን ካመሰገኑ በኋላ በትሕትና አንድ ነገር አከሉ። በአሜሪካ ብዙ ሰው ሲንኮ ዴ ማዮን የሜክሲኮ የነጻነት ቀን አድርጎ ይቆጥረዋል። የነጻነቱ በዓል ግን ሴፕቴምበር 16 ነው፤ ቄስ ሚጌል ኢዳልጎ እ.ኤ.አ. በ1810 በዶሎሬስ ከተማ ደወል አስደውለው ሕዝቡን ያነሣሡበት ዕለት። እርሳቸውም ይህን ያወቁት አብሯቸው ታክሲ ከሚነዳ ሜክሲኮዊ ነው፤ ሜይ 5 ቀን እንኳን አደረሰህ ቢሉት ግራ ተጋብቶ አያቸው።

መልስ 2። ከኦክላንድ የጻፈ የታሪክ መምህር ነው፤ ከሁሉም የረዘመው የእርሱ ነው። ፕሬዚዳንት ቤኒቶ ሁዋሬዝ እ.ኤ.አ. በ1861 አገራቸው በእርስ በርስ ጦርነት ስለደኸየች የውጭ ዕዳ ክፍያ ለሁለት ዓመት አቆሙ። እንግሊዝ፣ ስፔንና ፈረንሳይ መርከቦቻቸውን ወደ ቬራክሩዝ ላኩ። ሁለቱ ተደራድረው ሲመለሱ የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን 3ኛ ግን ሜክሲኮን ሊይዝ ቆርጦ ነበርና ጦሩ ወደ ዋና ከተማዋ ገሠገሠ። በመንገዱ ላይ ፑዌብላ ነበረች። እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1862 በጄኔራል ሎራንሴ የሚመራ ስድስት ሺህ ያህል የፈረንሳይ ጦር በሎሬቶና በጓዳሉፔ ምሽጎች ላይ ደጋግሞ ወጣ፤ ደጋግሞም ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ወረደ፤ አቀበቱ ጭቃ ሆነ። ተከላካዮቹን የመራው ኢግናሲዮ ሳራጎሳ የሠላሳ ሦስት ዓመት ጎልማሳ ነበር። ከአራት ወር በኋላ በተስቦ ሞተ። ከተማዋ እስከ ዛሬ በይፋዊ ስሟ ፑዌብላ ዴ ሳራጎሳ ትባላለች።

መምህሩ በዚህ አላበቃም። በዓሉ የቢራ ሻጮች ነው ማለቴን ተቃወመ፤ በጨዋ ቃል ነበር፣ ቢሆንም ተሰማኝ። የድሉ ወሬ ካሊፎርኒያ በደረሰ ጊዜ በወርቅ ማውጫ መንደሮች የነበሩ ሜክሲኮውያን ጠመንጃ ተኩሰዋል፣ ዘፍነዋል፣ ንግግር አድርገዋል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1848 በውል ከሜክሲኮ ወደ አሜሪካ ተላልፋ ስለነበር አንዳንዶቹ ከቤታቸው ሳይነቃነቁ ባዕድ የሆኑ ናቸው። በዓሉን በካሊፎርኒያ የጀመሩት እነርሱ ናቸው፤ ቢራ ሻጮቹ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው።

መልስ 3። በሁለት መስመር፣ ሰዎች ቢደሰቱ ምን ቸገረን የሚል። ምክንያት አልሰጠም።

መልስ 4። ይህችን እህት ልቤ ወደዳት። ኒው ዮርክ ትኖራለች፤ ባሏ የፑዌብላ ሰው ነው። በዚያ ያሉት የፑዌብላ ሰዎች ከመብዛታቸው የተነሣ ከተማዋን ራሳቸው ፑዌብላ ዮርክ ይሏታል። ሜክሲኮ ውስጥ የሚያከብረው የለም ማለቴን በቀጥታ አረመችኝ። በመላው አገሪቱ ሥራ የሚዘጋበት በዓል አለመሆኑ እውነት ነው። ፑዌብላ ላይ ግን ወታደሩም ተማሪውም በሰልፍ ይወጣል። በሜክሲኮ ሲቲም ፔኞን ዴ ሎስ ባኞስ በሚባለው ሰፈር ነዋሪዎቹ ራሳቸው ፈረንሳይና ሜክሲኮ ሆነው ውጊያውን በየዓመቱ ያሳያሉ።

ከዚያ ስለ አማቷ ጻፈች። አማቷ ለዚያ ቀን ሞሌ የሚባለውን ወጥ የምትሠራው በሁለት ቀን ነው። ሙላቶ፣ አንቾና ፓሲያ የሚባሉትን ሦስት ዓይነት ደረቅ በርበሬዎች ፍሬያቸውን አውጥታ በየተራ ታምሳለች፤ አንዱ ካረረ ድስቱ በሙሉ ይመራል። ሰሊጡ፣ ለውዙ፣ ዘቢቡ፣ ቀረፋውና ቅርንፉዱ ለየብቻ ይታመሳሉ፤ ቸኮላቱ መጨረሻ ላይ ይገባል። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ይህች እህታችን ለመርዳት ብላ በርበሬውን ሁሉ አንድ ላይ መጥበሻው ላይ ደፋችው። አማቷ ምንም ሳትቆጣ እሳቱን አጠፋች፤ ከመጥበሻው አንድ በአንድ እየለቀመች እንደገና በሦስት ከፈለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ስታቁላላ እጇ የሚታዘዘው የአማቷን ትዕግሥት እያስታወሰ ነው። በዚያ ቤት ሜይ 5 ቀን ሶምብሬሮ የሚደፋ የለም፤ ቢራ ግን አለ። ይህንንም ሳትደብቅ ጻፈችው።

መልስ 5። ከፊኒክስ የጻፈ ግንበኛ ነው፤ አብረውት የሚሠሩት የሰሜን ሜክሲኮ፣ የሶኖራና የቺዋዋ ሰዎች ናቸው። ለእነርሱ ቀኑ እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን ነው። እንዲያውም አንደኛው አሜሪካ እስኪመጣ ድረስ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጭ ስለ በዓሉ ሰምቶ አያውቅም ነበር፤ ሰው ሁሉ እንኳን አደረሰህ ሲለው ይናደዳል። ጸሐፊው መልስ 4ን ሳይነቅፍ፣ የፑዌብላን ሰው ስሜት የሜክሲኮ ሁሉ ስሜት እንዳናደርገው አሳሰበ። ተገቢ ማሳሰቢያ ነው።

መልስ 6። አንዲት ወጣት ነገሩን ከዓድዋ ጋር አያያዘችው። የአውሮፓ ጦር ንቆ በመጣበት አገር መሸነፉ፣ የገጠሩ ሰው ከነገጀራው መዝመቱ፣ ናዋ የሚባሉት ነባር ተወላጆች ከፑዌብላ ተራሮች መውረዳቸው፣ ይህ ሁሉ ለእኛ እንግዳ እንዳልሆነ በስሜት ጻፈች።

መልስ 7። ክሩ መሞቅ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው ዓድዋን ከማንም ጋር ማነጻጸር ማቃለል ነው ባይ ናቸው። ዓድዋ ጦርነቱን ጨርሶታል፤ ፑዌብላ አልጨረሰውም። ፈረንሳዮቹ በዓመቱ እጅግ የሚበልጥ ጦር ይዘው ተመልሰው ፑዌብላን ለሁለት ወር ያህል ከበው ያዟት፣ ዋና ከተማዋንም ያዙ፤ እ.ኤ.አ. በ1864 ኦስትሪያዊውን ማክሲሚሊያንን አነገሡ። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ልጅቱን ማንበብ እንደማትወድ አድርገው መጻፋቸው ግን ተገቢ አልነበረም፤ ያን ጊዜም ጽፌላቸዋለሁ።

መልስ 8። የኦክላንዱ መምህር ተመልሶ መጣ። ማክሲሚሊያን እ.ኤ.አ. በ1867 ኬሬታሮ ላይ ተረሽኖ ሁዋሬዝ ወደ ሥልጣናቸው መመለሳቸውን አስታወሰ፤ ስለዚህ ታሪኩን በ1864 ላይ መቁረጥ አይገባም። ቀጥሎም በካሊፎርኒያ የነበሩት ሜክሲኮውያን ለምን ያን ያህል እንደተደሰቱ አብራራ። ጊዜው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ናፖሊዮን 3ኛ ወደ ደቡቦቹ ባለባሪያዎች ያዘነብል ነበር። ለእነዚህ ሰዎች የሳራጎሳ ድልና የሊንከን ወገን ድል የአንድ ትግል ሁለት ግንባር ነበር። በዓሉ የአሜሪካም ታሪክ ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ፑዌብላ አሜሪካን ከመበታተን አዳነ የሚሉትን ግን አይከተልም፤ የተጋነነ ነው ይላል።

መልስ 9። ከሂዩስተን የተላከ አጭርና ያማረ ትዝታ። ሳራጎሳ የተወለደው በዛሬዋ ቴክሳስ፣ ጎሊያድ አጠገብ ነው፤ ያን ጊዜ ምድሩ የሜክሲኮ ነበር። ጸሐፊው ልጆቹን ይዞ ሄዶ ሐውልቱን አይቷል። አንድ ሽማግሌ ከሐውልቱ ሥር ቆመው ለልጅ ልጃቸው ሲያስረዱ ሰማ፤ ሽማግሌው የሚናገሩት በእንግሊዝኛ ነበር። ቋንቋው ሄዶ ታሪኩ ቀርቷል ብሎ ጻፈ። ይህን ሳነብ ልጄን ቀና ብዬ አየኋት።

መልስ 10። ወደ ባርኔጣው የመለሰችን የኮሌጅ ተማሪ ናት። ተማሪዎች ጢም ለጥፈው፣ ባርኔጣ ደፍተው ሲጠጡ ታያለች። በዚያው ሳምንት እነዚያው ሰዎች በስፓኒሽ የሚያወሩ የጽዳት ሠራተኞችን እንግሊዝኛ ተናገሩ ብለው ሲጮኹባቸው ሰምታለች። ምግቡን ወዶ ሰውየውን መጥላት እንዴት ይቻላል ብላ ጠየቀች። ለመልስ 3 ጸሐፊ የሰጠችው ቃል ኃይለኛ ነው፤ አልደግመውም።

መልስ 11። ከሳን አንቶኒዮ የጻፈ ሰው የተለየ ነገር አመጣ። ጎረቤቶቹ ለሦስተኛ ትውልድ አሜሪካ የተወለዱ የሜክሲኮ ዘሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ፣ ቺካኖ በተባለው የሜክሲኮ ዘር ያላቸው አሜሪካውያን ንቅናቄ ጊዜ፣ ወላጆቻቸው በዓሉን በየኮሌጁ ያስነሡት እንዳያፍሩ ብለው ነው፤ በትምህርት ቤት ስፓኒሽ ሲናገሩ ይቀጡ ነበርና። የዚያ ሰፈር ልጆች ባለ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው ሲጨፍሩ የሌላውም ልጅ ቢቀላቀል ደስ ይላቸዋል። ስለዚህ ልጅሽን አትከልክያት የሚል ነው ሐሳቡ። ጥልፉን ቀሚስና የካርቶን ባርኔጣውን አንድ ማድረጌን የተረዳሁት ይህን ሳነብ ነው።

መልስ 12 እና 13። የጤፍ እንጀራ ለታኮ ይሆናል አይሆንም በሚል ሁለት ሰዎች ተከራከሩ። እንለፈው።

መልስ 14። ከአዲስ አበባ የጻፉ አዛውንት ናቸው፤ ከዚህ መልስ በኋላ ክሩ ተለወጠ። ሁላችንም ሜይ 5 ሜይ 5 ስንል ቀኑ በእኛ ስንት እንደሆነ ማንም አላሰበም ብለው ጠየቁን። ሚያዝያ 27 ነው። የአርበኞች ቀን!

ጽሑፋቸውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በድል የተመለሱት በአምስት ዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ በ1933 ዓ.ም. ነው። አዛውንቱ ልጅ ሳሉ አባታቸው እጃቸውን ይዘው ወደ አራት ኪሎ ይወስዷቸው ነበር። ጎፈር የደፉ አርበኞች በሐውልቱ ዙሪያ ሲፎክሩ፣ አንዱ ሽማግሌ ፉከራውን ሳይጨርሱ ሳል ይዟቸው ቁጭ ሲሉ፣ ሌላው ከጎናቸው ተነሥተው ካቆሙበት ሲቀጥሉ አይተዋል። ሜክሲኮ ደግሞ ያን የጣሊያን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ናት፤ በመንግሥታት ማኅበርም ተሟግታልናለች። አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ የምናልፍበት ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው በዚህ ወዳጅነት ነው። ሜክሲኮ ሲቲም ውስጥ በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይና የባቡር ጣቢያ አለ፤ የጣቢያው ምልክት የአንበሳ ራስ ነው።

መልስ 15። ከሜሪላንድ የጻፈች እናት በቁጣ መጣች፤ ቁጣዋም በእኔ ላይ ነበር። የሰው በዓል ይከበር አይከበር እያልን ገጽ ስንሞላ ስንቶቻችን ልጆቻችንን ስለ ሚያዝያ 27 አስተምረናል? የዓድዋ ቀን ሲደርስ ነጠላ ለብሰን ፎቶግራፍ እንነሣለን፤ ለአርበኞች ቀን ግን ስልካችንንም አናወጣም። መነሻ ጽሑፉን የጻፈችው እህት የልጇን ባርኔጣ ትታ የልጇን አማርኛ ትጠይቅ፤ እንዲህ ነው የጻፈችው። አመመኝ። ልጄ ሚያዝያ 27ን አታውቀውም ነበር፤ እውነቱን ተናግሬ መለስኩላት።

መልስ 16። መልስ 7ን የጻፉት ሰው ለመልስ 6 ጸሐፊ ይቅርታ ጠየቁ። አባታቸው አርበኛ እንደነበሩና በዚህ ጉዳይ ላይ ቶሎ እንደሚቆጡ ገለጹ። ልጅቱም ሳትውል ሳታድር አባቴ ብላ መለሰችላቸው።

መልስ 17። ከፊላዴልፊያ የመጣ ነው። በደቡብ ፊላዴልፊያ የፑዌብላ ሰዎች ከሲንኮ ዴ ማዮ ጋር አያይዘው በየዓመቱ በጭምብልና በከበሮ ካርናቫል ያደርጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 አዘጋጆቹ ሰልፉን ሰረዙት፤ የኢሚግሬሽን ፖሊስ ሰው እንዳይለቅም ፈርተው። ጸሐፊው በዚያ ሰፈር ሱቅ አለው። ሌላ ጊዜ ከበሮ የሚሰማበት መንገድ ዝም ብሎ ሲውል፣ ጥቂት ጎዳናዎች አልፎ ባሉት መጠጥ ቤቶች ግን የካርቶን ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች ተሰልፈው ነበር። ምንም አስተያየት አልጨመረበትም። ለአንድ ቀን ያህል ማንም አልጻፈም።

መልስ 18። ያችው የኒው ዮርክ እህት፣ መልስ 4። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀችኝ። ያችን የፑዌብላ ሴት ጠይቀሻታል?

አልጠየቅኋትም። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ባሏ መቃብር አውርተናል። ስለዚያ ቀን ግን ዝምታዋን ራሴ ተርጉሜ፣ የራሴን ቁጣ በእርሷ አፍ አድርጌ፣ ለእናንተ አቀረብኩ። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ከኋላ በር ደረጃ ላይ ተቀምጠን ጠየቅኋት።

መልስ 19። ይህ የእኔ ነው። የነገረችኝን በተቻለኝ መጠን ሳልጨምር ሳልቀንስ አስቀምጣለሁ። ባርኔጣው አላስቀየማትም፤ እንዲያውም በልጅነቷ ፑዌብላ ውስጥ ልጆች ለዚያ ቀን ልብስ ይለብሳሉ። አንዱ ሳራጎሳ ይሆናል፣ አንዱ የተራራ ሰው ሆኖ የእንጨት ገጀራ ይይዛል፣ ፈረንሳይ መሆን የሚፈልግ ስለማይገኝ በዕጣ ይወጣል። አንድ ዓመት ዕጣው ለወንድሟ ደርሶት ሰማያዊ ኮት ለብሶ እያለቀሰ ተሰለፈ። እናታቸውም በመንገዱ ዳር እየተከተለች አይዞህ ነገ ሜክሲኮ ትሆናለህ ትለው ነበር። ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እስኪረጥብ ሳቀች።

ባለፈው ዓመት ያስቀየማት ሌላ ነው። የአገሯ ሰዎች በየዓመቱ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ሞሌ ይሠራሉ፣ ከፑዌብላ የመጡ ሽማግሌዎች ይናገራሉ፣ ልጆች ይጨፍራሉ። እርሷ ለዚያ ቀን ፈቃድ የጠየቀችው ከሁለት ወር በፊት ነው። አለቃችን ከለከላት። ምክንያቱም ሲንኮ ዴ ማዮ ስለሆነ፣ ሆቴሉ በእንግዳ ስለሚሞላ፣ ከወጥ ቤቱ አንድም ሰው እንዳይጎድል። ስለዚህ የፑዌብላዋ ሴት የፑዌብላን ቀን ለማያውቋት ሰዎች ሽንኩርት እየከተፈች ዋለች፤ ፎቶግራፍ ላይ እንድትቆም የተጠየቀችውም ከዚያ በኋላ ነው።

መልስ 20 እስከ 23። አራት ሰዎች በተከታታይ ጻፉ። መልስ 15ን የጻፈችው እናት በዚህ ጊዜ ለስላሳ ነበረች፤ ፈቃድ በጽሑፍ እንዲጠየቅና መልሱም በጽሑፍ እንዲሆን መከረች። የፊኒክሱ ግንበኛ የሥራ ተራ መቀያየር እንደሚቻል አስታወሰኝ። መልስ 3 ተመልሶ መጥቶ፣ ይህን አላሰብኩም ነበር ብሎ ሄደ። የአዲስ አበባው አዛውንት ልጄን በስሟ ጠርተው መረቋት።

መልስ 24። የመጨረሻው የእኔ ነው፤ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ። ለልጄ አስተማሪ ደብዳቤ ጽፌ ልጄ በዘወትር ልብሷ እንደምትመጣ አስታወቅሁ፤ በአንድ ወረቀት ላይ ደግሞ ስለ ሳራጎሳ ስድስት መስመር፣ ስለ ሚያዝያ 27 ስድስት መስመር ጽፋ ለክፍሏ ታነባለች። የአርበኞቹን ክፍል ያጻፍኳት በአማርኛ ነው፤ «አርበኛ» የሚለውን ቃል አራት ጊዜ አጥፍታ ጻፈችው። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደዚያ አዳራሽ የምትወስዳት ያችው የፑዌብላ እህቴ ናት። በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው የሥራ ተራ ሰሌዳ ላይ ለሜይ 5 ከእርሷ ስም በላይ መስመር ተሰምሮ የእኔ ስም ተጽፏል፤ አለቃችንም ፈርሞበታል።